ቦታ ያልተተወለት ዓምድ

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። ይህን የሚተርቱት ሸክላ የማይሠሩ ሰዎች ናቸው። እኛ ቤት በገል የበላ ሰው አላየሁም፤ ገሉ ተወቅጦና ተነፍቶ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይለወስ ነበር እንጂ። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምናገረው እንዲታወቅልኝ ብዬ ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፤ አላፍርበትም፤ ያን ጊዜ ሊያሳፍሩኝ የሞከሩ ሰዎች ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ያደግሁት ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ እርሻዎች ጀርባ ነው። ቦታውን መርጠነው አልነበረም። ወላጆቼ ከደጋ ሲወርዱ ጭቃው እዚያ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ደግሞ የሰው ሠፈር ነበር። በእኛ አገር ያኔ ሸክላ የሚሠራ ቤተሰብ ከሌላው ጋር አይጋባም፤ ሰው ቤት ገብቶ አይበላም፤ ሽማግሌዎች ሜዳ ላይ ለጉባኤ ሲቀመጡ ከዳር ቆሞ ነው የሚሰማው። ድስታችንን ገዝተው ወጥ ይሠሩበታል፤ ድስቱን የሠራችውን ሴት ግን ከወጡ አያቀምሷትም። ምክንያቱን አስረዱኝ ብዬ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፤ እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

ደርግ ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀርቷል ተባለ። በወሬ ብቻ አልነበረም። በትምህርት ቤታችን የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምሩት፣ የውይይት ክበቡም ሊቀመንበር የነበሩት ሰው፣ አንድ እሑድ በቀበሌ ስብሰባ ላይ እናቴን ከቆመችበት ዳር እጇን ይዘው አምጥተው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። ሕዝቡ አጨበጨበ። እናቴ ወንበር ስላልለመደች ወገቧን እያመማት ተመለሰች፤ ሰውዬውን ግን እስክትሞት ድረስ ስትመርቃቸው ኖረች። እኔም ውለታቸውን አልክድም። ከዚህ በታች ስለእሳቸው የምለውን ሁሉ ስታነቡ ይህንንም ያዙልኝ።

የቀበሌው ወንበር አንድ ነገር ነው፤ የክፍላችን ዴስክ ሌላ ነው። ዴስኮቻችን ለሦስት ሰው የተሠሩ ነበሩ። ተማሪው ከመብዛቱ የተነሳ በአንዳንዱ ላይ አራት ሆነው እየተጋፉ ይጽፋሉ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ስድብ የለ፣ ግልምጫ የለ፤ ብቻ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው የለም። አዲስ አስተማሪ መጥቶ "እዚያ እሷ ጋ ቦታ አለ እኮ!" ሲል ሁለት ልጆች እቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ በሳምንቱ "ከዚህ ሰሌዳው አይታየንም" ብለው ይመለሳሉ። ዴስኬ ከሰሌዳው ሁለት እርምጃ ነበር። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንዲህ ሆነ። አለቅሳለሁ ብለው ይጠብቁ እንደሆነ አላውቅም፤ ደብተሬን በሦስት ሰው ቦታ ዘርግቼ እጽፍ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስተማሩን ሰው ከሰሜን መጥተው የተመደቡ፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ሁለት ዓመት ታስረው እንደወጡ ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸው ግን አያወሩም። ስለ ዝናቡም፣ ስለ ስኳር ሰልፉም ሲጠየቁ "ደህና ነው" ነበር መልሳቸው። ኬሚስትሪ ላይ ሲደርሱ ብቻ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ ሲመቱት ይሰበር ነበር።

በዚያ ዓመት ከወዳጅ አገር አንድ ትልቅ የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ተልኮልን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጽሑፉን ማናችንም አናነበውም፤ የንጥረ ነገሮቹ ምልክት ግን ያው የምናውቀው ነበር። ችግሩ፣ የግድግዳው ሠንጠረዥ ስምንት ዓምድ ነው፤ የመጽሐፋችን አሥራ ስምንት። የትኛው ነው ትክክለኛው የሚል ክርክር ተነሳ። ሊቀመንበሩ በክበቡ ውይይት ላይ፣ ትክክለኛው የግድግዳው ነው፣ ሠንጠረዡን ከፈጠረው ሰው አገር የመጣ ነውና ብለው ዘጉት። እኛ ደግሞ ፈተና አለብንና ኬሚስትሪ አስተማሪያችንን ጠየቅናቸው።

"ሁለቱም ትክክል ናቸው" አሉ ቲቸር። "ቤተሰቡ አንድ ነው፤ የተለየው የቤቱ አከፋፈል ነው። ደግሞ ሠንጠረዡን አንድ ሰው ብቻውን አልፈጠረውም። የማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ለፈተና አይመጣም፤ መስማት የማይፈልግ ይውጣ።"

የወጣ አልነበረም። ሦስት ክፍለ ጊዜ ፈጀባቸው። መጀመሪያ አንድ ጀርመናዊ ነበር አሉ፤ ንጥረ ነገሮችን ሦስት ሦስት አድርጎ አስቀመጠ። ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም። ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ አዮዲን። ጠባያቸው ይመሳሰላል፤ የመሃልኛው ክብደትም የዳርና ዳሩ አማካይ ገደማ ነው። ሰው ግን አጋጣሚ ነው ብሎ አለፈው። ከዚያ አንድ ፈረንሳዊ በክብደታቸው ደርድሮ ሲሊንደር ላይ እንደ ገመድ ጠመጠማቸው፤ ዘመዳሞቹ አንዱ ከሌላው በላይ ዋሉ። አታሚዎቹ ሥዕሉን አስቀርተው ጽሑፉን ብቻ አተሙለት፤ ያለ ሥዕሉ ማን ይረዳው? ቀጥሎ አንድ እንግሊዛዊ፣ ጠባያቸው በየስምንቱ ይደገማል፣ ልክ እንደ ዜማ ነው ብሎ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ተናገረ። ከተቀመጡት አንዱ ተነስቶ "በፊደል ተራስ ደርድረህ አይተሃቸዋል?" ብሎ ቀለደበት። ጽሑፉንም ሳያትሙለት ቀሩ።

ቲቸር እዚህ ላይ ሲደርሱ በጣም ተናደዱ። የቀለዱት በእሳቸው ላይ ይመስል ነበር። እኛ ሳቅን፤ ከዚያ ስማችን የሚጠራው በፊደል ተራ መሆኑ ትዝ አለንና እንደገና ሳቅን።

ከዚያ ሩሲያዊው መጣ። የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር ክብደትና ጠባይ በካርድ ላይ ጽፎ፣ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ሲያነሳና ሲጥል ከረመ። በዚያው ሰሞን ሌላ ጀርመናዊም ተመሳሳይ ሠንጠረዥ ነበረው፤ የደፈረው ግን ሩሲያዊው ነው። ቴሉሪየም ከአዮዲን ይከብዳል፤ በክብደት ከሄድን አዮዲን መቅደም አለበት። ሩሲያዊው እምቢ አለ። አዮዲን ከዘመዶቹ ከክሎሪንና ከብሮሚን ሥር ነው የሚቀመጠው፤ የሚዛኑን ጉዳይ በኋላ እናየዋለን አለ። ገና ላልተገኙት ሳይቀር ባዶ ቦታ ተወላቸው፤ ሲገኙም እሱ እንዳለው ሆነው ተገኙ። ከእሱ በኋላ ደግሞ አንድ ወጣት እንግሊዛዊ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር አወጣላቸው፤ በቁጥሩ ቴሉሪየም ከአዮዲን ስለሚቀድም የሩሲያዊውም እምቢታ ልክ መሆኑ ታወቀ። ያ ወጣት በዓለም ጦርነት ዘምቶ በጥይት ሞተ። ቲቸር ይህን ሲናገሩ ወንዶቹ ልጆች ሁሉ ጸጥ አሉ፤ ያኔ ዘመቻ ምን እንደሆነ ማንም አያጣውም ነበር።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነበር። በሠንጠረዡ ቀኝ ጠርዝ ላይ ያለው ዓምድ፦ ሂሊየም፣ ኒዮን፣ አርጎን፣ ክሪፕተን፣ ዜነን። ለእነዚህ ማንም ባዶ ቦታ አልተወላቸውም ነበር። ሩሲያዊው ለሌሎቹ ባዶ ቦታ ሲተው እነሱን አላሰባቸውም። አንድ ሰው ቢሆን ረሳው ይባላል፤ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ነው የቀረው። ቲቸር ጠባያቸውን ሲነግሩን "ከማንም ጋር አይቀላቀሉም" አሉ፤ ከኋላ ዴስክ አንዱ ወደ እኔ እያየ "አርጎን!" አለ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ አርጎን ሆነ። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ አላልኩም፤ ሲጠሩኝ "አቤት" እላቸው ነበር፤ ይህም ከስድብ የበለጠ ያናድዳቸው ነበር።

ለላብ አደሮች ቀን ትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ከአውራጃው እንግዶች ይመጣሉ፤ አንድ ተማሪ በሠንጠረዡ ፊት ቆሞ ታሪኩን ያስረዳል። የሚያስረዳው ተማሪ ከክበቡ የድጋፍ ደብዳቤ ያገኛል። ይህ ደብዳቤ ቀልድ አልነበረም። ውጭ አገር ሄዶ ለመማር ስም ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ነጥብ ያለው ብቻ ሳይሆን ደብዳቤ ያለው ነው። ነጥብ ነበረኝ። ደብዳቤ አልነበረኝም፤ ከየትም አላገኝም። ቲቸር እኔን መረጡ፤ ሊቀመንበሩም ደስ አላቸው። "የሸክላ ሠሪ ልጅ! ይህ ራሱ ለእንግዶቹ ትምህርት ነው" አሉ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ደብዳቤ ከምንም ነገር አብልጬ ፈልጌው ነበር። ማታ ማታ የማላውቀውን አገር ብርድ አስብ ነበር፤ ማንም የማን ልጅ እንደሆንኩ የማያውቅበት ክፍል ውስጥ፣ አጠገቤ ሰው ተቀምጦ።

ከኤግዚቢሽኑ በፊት ባለው ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ ከእናቴ ጋር ድስት እንሸጥ ነበር። አንዲት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሚስት አንድ ትልቅ የወጥ ድስት መርጣ ገንዘቧን አወጣች። እናቴ ልትሰጣት ስታነሳው በጣቷ አንኳኳችው። እንደገና አንኳኳችው። ከዚያ መልሳ ከኋላዋ አስቀመጠችው።

"ይሄ አይሆንም እሜቴ። ሌላ ውሰድ" አለቻት። እናቴ አማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም አንድ ታደርገዋለች።

"ኧረ እኔ እሱን ነው የወደድኩት! ምን ሆነ?"

"አይሆንም። ሌላ ውሰድ።"

ሴትዮዋ ተቆጥታ ሄደች። እኔም ተናደድኩና በጋሞኛ "ምንም የለበትም እኮ" አልኳት። ስንጥቅ የለው፣ ቀዳዳ የለው።

"ምን እንዳለበት አላውቅም" አለች። "እንዳለበት ግን አውቃለሁ። ድምፁ ከወንድሞቹ ጋር አይገጥምም።"

ከዚያ ድንጋይ አንስታ ሰበረችው። አንድ ጠዋት ሙሉ የደከመችበትን ድስት። ስብርባሪውን እያገላበጠች ስትፈልግ ከቆየች በኋላ፣ ከድስቱ ግድግዳ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ የኖራ ድንጋይ አወጣች። ድስቱ ውሃ ሲነካው ያቺ ድንጋይ አብጣ ከውስጥ ትፈነቅለው ነበር። ሴትዮዋ ቤት፣ እሳት ላይ፣ ወጡ ውስጡ እያለ።

ቲቸር የነገሩን ታሪክ በደንብ የገባኝ እዚያ ገበያ ላይ ነው። አርጎን የተገኘው እንደዚህ ነበርና። አንድ እንግሊዛዊ ከአየር ያወጣውን ናይትሮጅንና በኬሚካል የሠራውን ናይትሮጅን መዘነ። አንድ ዓይነት ጋዝ ነው፤ እኩል መሆን ነበረበት። የአየሩ በጣም በትንሹ፣ ከሺህ አምስት ያህል፣ ከበደ። ሌላ ሰው ቢሆን ሚዛኑ ነው ብሎ ይተወዋል። እሱ ግን መላልሶ መዘነ፤ በመጨረሻም "ምክንያቱ አልገባኝም፤ የገባው ይንገረኝ" ብሎ በመጽሔት ላይ ጻፈ። ከእሱ መቶ ዓመት በፊትም ሌላ ሰው ከአየር ውስጥ ኦክስጅኑንም ናይትሮጅኑንም አውጥቶ ሲጨርስ አንዲት ትንሽ አረፋ ቀርታው ነበር። ጽፎ አለፋት። መቶ ዓመት ሙሉ ያቺን አረፋ ምን ነሽ ያላት የለም። አሁን ግን ያ እንግሊዛዊና አንድ ስኮትላንዳዊ ባልደረባው ገብተው ፈለጉ፤ አርጎንም ተገኘ፤ ዘመዶቹም ተከትለው መጡ።

ዜናው ለሩሲያዊው ሲደርሰው አልተቀበለውም። አዲስ ንጥረ ነገር አይደለም፣ ናይትሮጅን ሦስት ሆኖ ተጣብቆ ነው አለ። በእሱ ሠንጠረዥ ለዚህ ቦታ የለማ! ይህን ስሰማ ሰውዬውን ተቀየምኩት፤ ባዶ ቦታ መተውን ለዓለም ያስተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል ብዬ። ለኤግዚቢሽኑ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ መጨረሻም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ይህን ቤተሰብ ሠንጠረዡን የሠራው ታላቁ ሩሲያዊ ሊቅ አላወቀውም፤ ሲነገረውም አልተቀበለውም፤ ተሳስቶ ነበር።"

ጽሑፉን ሊቀመንበሩ ቢሯቸው ጠርተውኝ አነበቡት። እስከ መጨረሻው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱና ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ እስክሪብቷቸውን አቆሙ።

"ይህች ትውጣ።"

"ለምን ጓድ?"

"በላብ አደሮች ቀን፣ በእንግዶች ፊት፣ የሶሻሊስት አገር ሊቅ ተሳሳተ ልትዪ?"

"ጓድ፣ ሰውዬው እኮ አብዮታቸው ሳይፈነዳ ነው የሞተው። በንጉሥ ዘመን።"

"ቢሆንም!" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን አለዘቡ። "ስሚ፤ ያንን ዴስክ የሰጠሽ አብዮቱ ነው። ይህን አትርሺ።"

"ዴስኩን ሰጥቶኛል። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ግን አልሰጠኝም።"

በመስኮት ወደ ሜዳው ሲያዩ ቆዩ። የተናገርኩት እንደነካቸው አይቻለሁ፤ ድንጋይ ልብ ያላቸው ሰው አልነበሩም። "እሱም ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ብቻ ይህችን አውጪ፤ ደብዳቤሽን ዛሬውኑ አስተይበዋለሁ።"

ቲቸር በማግሥቱ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ጠሩኝ። ነገሩ ደርሷቸዋል። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

"ዝም አይነቅዝም ልጄ" አሉኝ።

"ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት ቲቸር።"

"አስተማርኩሽ። ተናገሪ አላልኩሽም።" ዙሪያቸውን አዩ። "እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የታሰርኩት ከዚህ ባነሰ ቃል ነው።"

በጣም ተናደድኩባቸው። ከዚያ ማንም እንዳይሰማን ወደ ግድግዳው ሲጠጉ አየሁና አፈርኩ። የምፈልገው ነገር ሁለት ነበር፤ ደብዳቤውንም፣ ዓረፍተ ነገሯንም። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት እንደማልችል ገብቶኝ ነበር። ሦስተኛውም ነገር እሳቸውን አለማስነካት ነው። ምንም ቃል ሳልገባላቸው ተለየሁ።

በበዓሉ ቀን እንግዶቹ አንድ በአንድ እያዩ ሠንጠረዡ ዘንድ ደረሱ። በዱላ እያመለከትኩ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጀርመናዊውን፣ ፈረንሳዊውን፣ የሳቁበትን እንግሊዛዊ፣ ባለ ካርዱን ሩሲያዊ። ሊቀመንበሩ ከእንግዶቹ ጎን ቆመው እንደ አባት ደስ ብሏቸው ያዩኛል። መጨረሻው ላይ ዱላውን ቀኝ ጠርዝ ላይ አደረግሁና ዓረፍተ ነገሯን አንድም ቃል ሳልቀንስ ተናገርኩ። ከዚያ ጨመርኩ፦ "ይህን እንዳልናገር አስተማሪዬ መክረውኛል። የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ከሆነም የእኔ ብቻ ነው።"

አንዱ እንግዳ ማስታወሻው ላይ ጻፈ፤ ሌላው አዛጋ። ወደ ሥነ ሕይወቱ ክፍል አለፉ። ያን ሁሉ ፈርቼ የሆነው ይኸው ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ዞረው አላዩኝም።

ሰኞ ተጠራሁ። ያኔ ሰው አጠፋ ሲባል በሕዝብ ፊት ቆሞ ራሱን ይወቅስ ነበር፤ ግለ ሂስ ይባላል። የክበቡ ኮሚቴ ረቡዕ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ በመላው ተማሪ ፊት፣ ግለ ሂስ እንዳቀርብ ወሰነ። ሊቀመንበሩ ከመሳቢያቸው ደብዳቤውን አውጥተው አሳዩኝ። ተተይቧል፤ ማኅተም ብቻ ቀርቶታል። "በደንብ አድርጊው፤ ረቡዕ ከሰዓት ይታተማል" አሉ። ሊጎዱኝ እንዳልፈለጉ አውቃለሁ። ይህ ነው የባሰ ያናደደኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ጭቃ በእግሯ እየረገጠች ነበር። ነገርኳት። ረገጣዋን ሳታቋርጥ ሰማችኝ።

"ያልሽው እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ሰውዬውስ ራሱ ምን አለ? እስኪሞት እንደዚያው ቀረ?"

ይህን አላውቅም ነበር። አፍሬ "እጠይቃለሁ" አልኳት።

"እንዴታ፣ ጠይቂ እንጂ። ሰውን ሰምተሽ ሳትጨርሺው አትፍረጂበት" አለችኝና ሌላ ውሃ ጨመረችበት።

ማክሰኞ ቲቸርን ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ በሩን ዘጉ። ከዚያ ከቦርሳቸው ሽፋኑ የተላጠ መጽሐፍ አውጥተው አንድ ገጽ ከፍተው ሰጡኝ። አንብቤ ቀና ስል እያዩኝ ነበር። "ገጹን ልብ በዪው" አሉኝ፤ "የት አነበብሽው ቢሉሽ፣ ከእኔ መጽሐፍ በዪ።" ያ ለእሳቸው ምን ያህል ከባድ ቃል እንደነበረ ዛሬ ነው የሚገባኝ።

ረቡዕ ባንዲራው ተሰቀለ። ተማሪው በየክፍሉ ተሰልፏል። ደረጃው ላይ ወጣሁ። ወደ ሰልፉ ዞርኩ።

"ግለ ሂሴን አቀርባለሁ" አልኩ። "አጥፍቻለሁ። ታላቁ ሊቅ ተሳስቶ ነበር ብዬ እዚያ ላይ አቆምኩ። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት መናገር ጥፋት ነው። ሊቁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሳሳቱን አመነ። ሽማግሌ ነበር። በዓለም የተከበረ ነበር። ሠንጠረዡም የእሱ ነበር። ቦታ የለም ብሎ መሞት ይችል ነበር። አላለም። በገዛ መጽሐፉ ላይ፣ ከማንም ጋር አይቀላቀሉም ለተባሉት አዲስ ዓምድ ከፍቶ በእጁ አስገባቸው። ይህን ሳልናገር በመቅረቴ ራሴን እወቅሳለሁ። እሱ የራሱን ግለ ሂስ አድርጓል። እኔም ይኸው አደረግሁ። የእኔ ዴስክ የተሠራው ለሦስት ሰው ነው፤ አራት ዓመት ብቻዬን ተቀምጬበታለሁ። አሁን ተራው የማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።"

ያጨበጨበ የለም። የሳቀም የለም። ከፊት ረድፍ የእኛ ክፍል ልጆች መሬት መሬት ያዩ ነበር። ዲሬክተሩ ደወሉ እንዲደወል በእጃቸው ምልክት ሰጡ። በየክፍላችን ገባን፤ ዴስኬ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን መጥቶ አጠገቤ የተቀመጠ አለ ብል ውሸታም እሆናለሁ፤ እስከ ፈተናው ድረስም አልመጣም። አርጎን ብሎ የሚጠራኝ ግን ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።

ከሰዓት ኮሚቴው ተሰብስቦ አስጠራኝ። ጸሐፊው ከቃለ ጉባኤው አነበበልኝ፦ "የተማሪዋ ግለ ሂስ ተቀባይነት አላገኘም። ሌላ እስክታቀርብ ድረስ ደብዳቤው እንዳይሰጣት ተወስኗል።" ሊቀመንበሩ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ነበር። ነገ ጠዋት ባቀርብ እንኳ እንደሚቀበሉኝ፣ ሁለት መስመር እንደሚበቃ፣ ደብዳቤው እዚያው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ነገሩኝ።

የዚያ ዓመት ደብዳቤ ለሌላ ተማሪ ተሰጠ። እኔ በሌላ መንገድ፣ ዘግይቼ፣ በሌላ ከተማ ተማርኩ። ደርግም ሄደ፤ ኮሚቴውም ተበተነ። ሌላ ግለ ሂስ ግን እስከ ዛሬ አላቀረብኩም።